የስቅለት ዕለት ሚስማር

ኪልናሞራ፣ አየርላንድ
በፋሲካ ማግስት

ውድ እህቴ ዊኒ፣

እልል በዪ! ልጅሽ ኡና በሰላም ተገላገለች። ሕፃኗ ሴት ናት፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። አስቀድሜ ይህን የነገርኩሽ፣ የቀረውን ስታነቢ ልብሽ ቀጥ እንዳይል ብዬ ነው።

ምጧ የመጣው አንቺ ሊቨርፑል የሰው ድስት ስታማስዪ፣ ስቅለት ጠዋት ነው። አዋላጇ ወይዘሮ ታንሲ በጋሪ ወደ ኡና ሲገሰግሱ የፈረሳቸው የኮቴ ብረት ወለቀ። የት መሰለሽ? እኛው ቀጥቃጭ ቤት ደጃፍ! "ተመስገን" ብዬ ሳልጨርስ ባሌ ኮልማን እጁን አጣጥፎ ቆመ። ብረቱ ኮቴ ላይ የሚገጠመው በሚስማር ነው፤ ቀጥቃጮቹ አባቱም አያቱም ደግሞ በስቅለት ሚስማር መትተው አያውቁም።

"የጌታን እጅ የወጋውን ዛሬ አልመታም" አለኝ።

ሌላ ፈረስ እንዳንፈልግ የመንደሩ ፈረስ ሁሉ ለበዓሉ መስክ ተለቋል። የተራራው መንገድ ደግሞ ስል ጠጠር ነው፤ ባዶ ኮቴ አያስኬድም።

"አንተ ድንጋይ! የእህቴ ልጅ ብትሞት እኔና አንተ አበቃን!" ብዬ ጮኽኩበት። የምሬን ነበር ዊኒ፤ በዚያች ሰዓት ጠልቼዋለሁ።

ኮርቻ ሰፊው ማላኪ ጩኸቴን ሰምቶ ከማዶ መጣ።

"ምነው ዴሊያ፣ ሥጋ በማይበላበት ቀን ሰው ልትበዪ ነው?"

ነገርኩት። ወደ ኮልማን ዞረና፣ "መርፌስ ኃጢአት አለበት?" አለው።

"መርፌ ሚስማር አይደለም።"

"እንግዲያው አቡነ ኮልማን፣ የፈረሷን እግር ይያዙልኝ!"

ማላኪ ከወፍራም ቆዳ ጫማ ቆርጦ፣ እዚያው ሰፍቶ ለፈረሷ አጠለቀላት። ኮልማን ልጓሙን ይዞ ከጎኗ ሄደ። እኔ ጋሪው ላይ ሆኜ ጀርባዬን ሰጠሁት። ቆዳው እንደ ምንም ቻለና ደረስን።

ሕፃኗ በጎን መጥታ ነበር። "ትንሽ ብዘገይ ኖሮ..." አሉ ወይዘሮ ታንሲ። የሕፃኗን ለቅሶ ስሰማ ግን እፎይ አልኩ፣ እህቴ፣ እፎይ!

ለኮልማን ላበስር ስወጣ አጥር ሥር ተቀምጧል። "ሴት ናት፣ ደህና ናት" ስለው ፊቱን በሽርጡ ሸፍኖ አለቀሰ። ከዚያ ከኪሱ መዶሻ፣ የወለቀውን የኮቴ ብረትና ጭብጥ ሙሉ ሚስማር አውጥቶ ሣሩ ላይ አስቀመጠ።

"ቆዳው ቢቀደድ ኖሮ ሚስማሩን እመታው ነበር" አለኝ። "መንገዱን ሙሉ አስቀድሜ ጌታን ይቅርታ ስለምን ነው የመጣሁት።"

ጠላሁት ያልኩሽ ይህን ሰው ነው።

በይ አያት ሆነሻል፤ ድስቱን ለባለቤቶቹ ተዪላቸውና ቶሎ ነይ።

የምትናፍቅሽ እህትሽ፣
ዴሊያ