የሰብለ ማሽን እንቅልፍ እምቢ ያለ ሰሞን

ሰኔ 21፣ ጠዋት
የተረፈውን በረዶ ለባጃጅ ሾፌሮች አደልኩ። የሚገዛ የለም። ሰይድ ደግሞ ሰብለ ጋ ሄዷል፤ ማሽን ሊያስተኛ። እሱ እንደዚያ ነው የሚለው። ዝናቡ ሲገባ ውሃው ይደፈርሳል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ በረዶ የሚፈልግም አይኖርም። ስለዚህ የሸዋ ሮቢት በረዶ ማሽን ሁሉ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተሸፍኖ ይከርማል። የባለቤቴ ሥራ ይሄ ነው። የሌላውን በግማሽ ቀን ይጨርሳል። የሰብለን ግን ሳምንቱን ሙሉ። ምን ዓይነት እንቅልፍ ነው እምቢ ያለው?

ሰብለ ማለት ከደ/ብርሃን መጥታ ደሴ መንገድ ላይ ጭማቂ ቤት የከፈተችው ናት። ያላገባች። ሳቋ ከፓፓያ መፍጫዋ ይበልጣል።

የእኛ ሁለቱ ማሽኖች ሱቅ ውስጥ እንደቆሙ ናቸው። ማንም አልነካቸውም።

ሰኔ 23፣ ማታ
ማሽኗ ምን ሆኖ ነው አልኩት። ቧንቧው ያንጠባጥባል አለ። ዓይኑን ከሳህኑ አላነሳም። ነገ አብሬህ ልምጣ አልኩ። ሳቀ። ሱቁንስ ማን ሊጠብቅ?

ያው መልስ። እንደተጋባን ሰሞን አስተምረኝ ብዬው ነበር፤ አንቺ ደብተሬ አታውቂም፣ ያኔ ገና አልጻፍኩብሽም። ጋዙ ያቃጥልሻል፣ ጣትሽ ይቆረጣል፣ ለአንቺ ሱቁ ይበቃሻል አለ። ሱቁም በቃኝ።

ዛሬ ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ ነው የሄደው። ለቧንቧ።

ሰኔ 25፣ ከሰዓት
ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ መጣች። ወሬ ላመጣ አይደለም፣ ወላሂ፣ ብላ ጀመረች። በሰብለ በር ስታልፍ የሰይድን ሳቅ ሰምታለች። በሩ ገርበብ ብሏል። ደንበኛ የለም። እኔ እንደ ልጄ ስለማይሽ ነው አለችኝ። የምትለውን ብላ ሄደች።

እቃ አጠብኩ። ደግሜ አጠብኩ። ቤት ውስጥ እንደዚያ ከሳቀ ስንት ጊዜው ነው? ሰብለ ወጣት ናት፣ ቀጠን ያለች፣ ጸጉሯን በሻሽ ወደ ኋላ የምታስር። እኔስ ሻሽ አጣሁ? አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ማሽኗ ተቃጥሎ ቢያርፍ ብዬ ተመኘሁ።

ሰኔ 26፣ ከሰዓት
ሄድኩ። ሱቁን ዘግቼ፣ በባጃጅ። የምለውን መንገድ ላይ አሰናድቻለሁ።

በሩን ገፋሁ። ሰይድ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። እጁ ንጹሕ ነው። ሰብለ ግን መሬት ላይ ናት፤ በደረቷ ተኝታ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ማሽኑ ሥር ከታለች። “ቀስ፣ በኃይል አይደለም። እሱን አላልተሽ ማጣሪያውን ወደ ራስሽ ሳቢው” ይላታል። ድምፁ ለስላሳ። ሳበችው። ወጣ። ሁለቱም ሳቁ።

ያሰናዳሁት ቃል ሁሉ ለዚህ የሚሆን አልነበረም።

ሰብለ ተነስታ እንኳን ደህና መጡ እትዬ ዘሃራ አለችኝ። እትዬ! ፊቷ ጥላሸት፣ እጇ ጥቁር፣ ደስ ብሏታል። ጭማቂ ልሥራልዎት አለች። የሱቁን ቁልፍ ፈልጌ ነው ብዬ ወጣሁ። ቁልፉ እጄ ላይ ነበር።

እውነቱን ለአንቺ ልንገርሽ። ተቃቅፈው ባገኛቸው ይቀለኝ ነበር። እሱን ምን እንደሚሉት አውቃለሁ።

ሰኔ 26፣ ማታ
ጠየቅኩት። ለምን እሷን?

ለክረምቱ ራሷ መዝጋት፣ በመስከረም ራሷ ማስነሳት ትፈልጋለች። ጠየቀችኝ፣ አሳየኋት። ምን ክፉ አለው? አለኝ።

“እኔም ጠይቄህ ነበር።”

ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ “እሷ ደንበኛ ናት። አንቺ ሁሉንም ካወቅሽው፣ እኔ እዚህ ቤት ምን እሠራለሁ?” አለ።

አዘንኩለት። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ጣቴ እንዳይቆረጥ ነበር የመሰለኝ።

ሰኔ 28
አንነጋገርም። መሣሪያውን ጭኖ አሊዩ አምባ ሄደ፤ የአንድ ምግብ ቤት ማሽን ሊዘጋ። አጎቱ ቤት ያድራል። ትልቁን መፍቻ ረስቶ ሄዷል። ወይ ትቶልኝ። አይመስለኝም።

ዝናብ። ጓሮው ጭቃ። አይጦች ሱቅ መግባት ጀምረዋል፤ ሽቦ ይበላሉ። የእኛ ማሽኖች አሁንም ውሃ እንደያዙ ናቸው። ይሸታሉ።

ሰኔ 29፣ ከሰዓት
ኩራቴን ዋጥኩና ሰብለ ጋ ሄድኩ። አንዴ አሳዪኝ አልኳት። ደነገጠች። “እርስዎ ያውቃሉ ብዬ ነው እኮ። ጋሼ ሰይድ፣ ማሽን ሲታመም ዘሃራ ድምፁን ሰምታ ነው የምታውቀው፣ እኔ ፈትቼ ነው የማውቀው ይለኛል።”

እንዲህ ብሏል? ለእሷ? ለእኔ አንድ ቀን አልነገረኝም። ደስታው ከቅናቱ ጋር ተቀላቀለብኝ።

ሱቋን ዘግታ አብራኝ መጣች። ትንሹን ማሽን ከፈትን። መብራቱን ነቀልን፣ ውሃውን ዘጋን፣ ገንዳውን አፈሰስን። የሎሚ ጨው በለብ ያለ ውሃ በጥብጠን ውስጡን አጠብን፤ ነጩ ቅርፊት እየተላጠ ወረደ። በጨርቅ አደረቅን፤ እንዳይሻግት መዝጊያውን በትንሽ እንጨት ገርበብ አድርገን ሸፈንነው። እጇ ፈጣን ነው። ያስቀናል። አሁንም እቀናባታለሁ፣ አልዋሽሽም። ጣቴ ተቆረጠ። በእውነትም ይቆረጣል። አይገድልም።

ትልቁንስ አለች። ተይው አልኳት። እሱን ከሌላ ሰው ጋር ነው የምከፍተው።

ሐምሌ 1፣ ከቀኑ 9 ሰዓት
ደወለ። ቀወት ገብቷል፤ ለቤት ትንሽ ነው የቀረው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ማሽኖቹ እንዴት ናቸው አለ። አንዱ ተኝቷል አልኩት። ማን አስተኛው? እኔ። እሺ ጠብቂኝ አለና ዘጋ።

ወስኛለሁ። ትልቁን እኔ እፈታለሁ። እሱ በርጩማው ላይ ይቀመጣል፤ ቀስ በይ ይበለኝ፣ እንደ እሷ ያስቀኝ። እምቢ ካለም እፈታዋለሁ። ግን ባይል ነው የምወደው። ይህን ፊቱ እነግረዋለሁ፣ ለአንቺ ብቻ ጽፌ አልተውም።

መብራቱን ነቅያለሁ። የፊት ክዳኑን ብሎን ማላላት ጀምሬያለሁ፤ አንደኛው ዝጓል፣ እምቢ ብሎኛል፣ ግን ትንሽ ዘይት ጠብ ባደርግበት ይላላል።