ከሰልማ እስከ ሞንትጎምሪ፣ ቫን ውስጥ ሳልገባ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ደመና ነው፤ ዝናብ የለም። ያለነው ጋሽ አበራ፣ ሰብለ፣ ከድር እና እኔ። ስኮትዴል፣ አትላንታ አጠገብ፣ የእኛ አፓርታማ ፓርኪንግ።

ብስክሌቶቹ ቫኑ ጀርባ ላይ ታስረዋል። ጋሽ አበራ አላመኑም፤ ይፈቱና መልሰው ያስራሉ። ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ጉዞውን ያሰቡት እሳቸው ናቸው። አላባማ ውስጥ ጥቁሮች የመምረጥ መብት ፈልገው ከሰልማ እስከ ሞንትጎምሪ በእግራቸው የሄዱበት መንገድ ነው። ዛሬም ሰው ሊሳለም እንደሚሄድ ይሄድበታል። “እነሱ ባይሄዱ እኛን እዚህ አገር ማን ያስገባን ነበር?” ይላሉ።

ሰብለ ነርስ ናት። እሑድ እሑድ ቤተክርስቲያን የምታደርሰኝ እሷ ናት። ከድር ቫኑን ይነዳል፤ ብስክሌት ላይ አልወጣም ብሏል።

የእኔ ሐሳብ አንድ ነው። አትላንታ ከመጣሁ ጀምሮ ሰው ነው የሚያደርሰኝ። የመንጃ ፈተናውን ደጋግሜ ወደቅኩና ተውኩት። “ራይድ አለሽ? የሚያደርስሽ አለ?” የሚለውን ከስሜ የበለጠ ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ ከሰልማ ተነስተን ሞንትጎምሪ እስክንደርስ ቫኑ ውስጥ አልገባም። ለማንም አልተናገርኩም። ከድር ግን ሳይገባው አልቀረም። “ዘነቡ፣ የኋላው ወንበር ያንቺ ነው፤ ኤሲ አለው” አለኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ፀሐይ። ነፋሱ ከፊት ነው።

ትናንት በቫኑ ሰልማ ደረስን፤ ከከተማው ሲወጣ መጀመሪያ የሚገጥመው ድልድይ ነው። መሐሉ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ከወዲህ ሆኖ ማዶው አይታይም። ትልልቅ ጭነት መኪና ያልፍበታል። እኔ ብስክሌት የተማርኩት ሰው የጣለውን አንስቼ፣ የጎረቤት ልጆች ሲነዱ እያየሁ፣ እዚያው ፓርኪንግ ውስጥ ነው። ፊደልም የለየሁት በሱቅ መጠቅለያ ጋዜጣ ነበር። ፓርኪንግ ውስጥ ግን ድልድይ የለም።

ሰብለ ከኋላዬ ሆና “ዘኒ፣ ታች አትይ፤ እኔን ብቻ ስሚ” አለችኝና ስለ አለቃዋ ሐሜት ጀመረች። ሐሜቱ ሳያልቅ ድልድዩ አለቀ። የቀረውን ማዶ ቆመን አስጨረስኳት።

ምሳ ላይ ሳቅ ሆነ። ሁሉም ለሁሉም ስንቅ ይዟል። ጋሽ አበራ ዳቦ ቆሎ በከረጢት፣ ሰብለ በሶ፣ እኔ ሁለት ድፎ፣ ከድር ቴምር በካርቶን። ባዶ እጅ መምጣት አይሆንልንም።

ከድር በአጠገቤ ባለፈ ቁጥር መስኮቱን ዝቅ ያደርጋል። “ወንበሩ እየጠየቀሽ ነው።” እኔ ፔዳሉን እረግጣለሁ።

ማታ አንዲት ትንሽ ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ ድንኳን ተከልን፤ ጋሽ አበራ ቀድመው አስፈቅደዋል። ጉልበቴ አብጧል። ደስ ብሎኛል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ጠዋት ጭጋግ፣ በኋላ ሙቀት።

የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ሚስማር ነው። ውስጡ ያለው ከመነዳሪ ተቀዷል። ጋሽ አበራ ትርፍ ይኖር እንደሆን ሰብለን አዩ፣ ሰብለ ከድርን አየች፣ ከድር ቫኑን አየ። ለሠርግ የሚበቃ ስንቅ ይዘን ትርፍ ከመነዳሪ የያዘ የለም። “በሶ ብንሞላበትስ?” አለ ከድር። መጀመሪያ ማንም አልሳቀም።

ከድር ሞንትጎምሪ ሄዶ ይግዛ ተባለ። “አንቺም አብረሽው ሂጂ፣ ፀሐይ ላይ ምን ትሠሪያለሽ” አሉኝ ጋሽ አበራ። ከድር በሩን ከፈተልኝ። ቅዝቃዜው ፊቴ ላይ መጣ። “እዚችው ቦታ እመልስሻለሁ፤ አንድ እርምጃ አይጎድልብሽም” አለኝ። እውነቱን ነው። ልገባ እግሬን አንስቼ ነበር።

“እየገፋሁ እሄዳለሁ” አልኩ። ድምፄ ለራሴም ጮክ አለብኝ።

ከድር በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ጋሽ አበራም ብስክሌታቸውን አዙረው መግፋት ጀመሩ። ሰብለ “ኦ ማይ ጋድ፣ ሲሪየስሊ?” እያለች ተከተለች። ሦስታችንም እየገፋን ሄድን። ብዙ ሄድን።

አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት ደጃቸው ላይ ሆነው ምን እንደገጠመን ጠየቁ። ሰብለ ነገረቻቸው። “ያኔ በሰልፉ ጊዜ የእናቴ ጫማ የተበጠሰው እዚህ አካባቢ ነው፤ በእጇ ይዛው ሄደች” አሉና ውሃ አመጡልን። ጋሽ አበራ ዳቦ ቆሎ በሁለት እጃቸው ዘግነው ሰጧቸው፤ ከዚያ ደግመው፤ ከዚያ ደግሞ ከረጢቱን። በመጨረሻ ስንቁ ቀነሰ።

ከድር አምስት ከመነዳሪ ገዝቶ መጣ። እሱው ቀየረልኝ። ስለ ወንበሩ ምንም አላለም።

ሞንትጎምሪ መጨረሻው ዳገት ነው፤ ጫፉ ላይ ሰልፉ ያበቃበት ነጩ የመንግሥት ሕንፃ። ሰብለ ወርዳ ገፋች። ጋሽ አበራ ወረዱ። እኔ አልወረድኩም። ትንፋሼ ጉሮሮዬን ይቆርጠኝ ነበር፤ ከድር ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆሞ “ዘነቡ፣ በያት! በያት!” ይላል፤ መንገደኛ ሁሉ ያየኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ቢያየኝ አላፈርኩም።

ደረጃው ሥር ብስክሌቴን አጋድሜ ድንጋዩን ተሳለምኩ። ጋሽ አበራ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ላብ ነው አሉ።

ከዚያ ቫኑ ውስጥ ገባሁ። ወንበሩ ጥሩ ነው። አትላንታ እስክንገባ ተኛሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ብርድ፤ ገና እየነጋ። ብቻዬን ነኝ።

ሰብለ ቴክስት አደረገች፦ “ልምጣ?”

“ተኚ፣ ራይድ አለኝ” ብዬ ጻፍኩላት።

ነጠላዬን አጣጥፌ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ፤ አንድ ከመነዳሪም ጨመርኩ። ጉልበቴን አሸሁ። ጎማውን ነፋሁ፣ መብራቱን አበራሁ፣ በፓርኪንጉ በር ወጣሁ። የትራፊክ መብራቱ ቀይ ሲሆን ቆምኩ፤ አረንጓዴ ሲሆን ሄድኩ። ስደርስ ቅዳሴ አልተጀመረም። ብስክሌቱን ከአጥሩ ጋር በሰንሰለት አሰርኩት፣ ነጠላዬን ለበስኩ፣ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።