ሳላነብ የፈረምኩት ምዘና

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ከምሳ በኋላ፣ መጋዘን።

ብርድ ልብሱን ቆጥሬ ደረደርኩ። ወገቤን ያመኛል። ደብተሬ፣ ዛሬም ምዘና ፈረምኩ። የሽያጭ ኃላፊው ገመቹ አምጥቶልኝ። የዚህ ሱቅ ደንብ ነው፤ ሻጭ ሲመዘን በዕድሜ ትልቁ ሠራተኛ ይመሰክራል። የሽማግሌ እጅ ካለበት ማን ይከራከራል? ትልቁ እኔ ነኝ። መነጽሬን አደረግኩ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየሁ። ራሴን ነቀነቅኩ። ፈረምኩ።

ላንተ ብቻ ልንገርህ። ወረቀቱ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል ነው። ኦሮምኛውን እንደ ውሃ እጠጣዋለሁ፤ ከወሎ ከመጣሁ ስንት ዘመኔ! ጽሕፈቱን ግን አላውቀውም። የማውቀው ሟች ባለቤቴ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ያስቆጠረችኝን ሀሁ ነው። ለሰው ተናግሬ አላውቅም። አልናገርምም።

ረቡዕ 10። ጧት።

ሻጯ ጫልቱ ሰላም ሳትለኝ ገባች። ሌላ ቀን «አካም ቡልተን፣ አባ ይመር» ሳትል አታልፍም። ከጉቴ የሚመጡ ሴቶች ጨርቅ ከእሷ በቀር ከማንም አይገዙም። ምን ሆንሽ አልኳት። ጨርቋን መዘርጋት ጀመረች።

ገንዘብ ተቀባይዋ አስቴር ሳቀች። «አባ ይመር ደግሞ! እንድትባረር ከፈረሙባት በኋላ ምን ሆንሽ ይላሉ!»

ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ።

ያው ረቡዕ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት።

እንደ ረሳ ሰው ሆኜ አስቴርን ጠየቅኳት። ወረቀቱ ጫልቱ ታረፍዳለች፣ ደንበኛ ትሳደባለች ይላል አለች። ውሸት! ሱቁን በየጧቱ ከእኔ ጋር የምትከፍት ማን ሆነችና? ባለሱቁ ዓርብ ከጊምቢ መጥተው ያጸድቁታል። ከዚያ ትወጣለች።

ሐሙስ 11።

ካምና ወዲህ አራት ሻጭ ሄዷል። ባለሱቁ ሰው አይበረክትልኝም ይላሉ። እኔም የዛሬ ልጅ ሥራ አይወድም እል ነበር። የአራቱንም ምዘና የፈረምኩት እኔ ነኝ። ወረቀታቸው ምን ይል ነበር? ከአራቱ አንዱ ቶለሳ ሲሰናበት ሁሉን ጨብጦ እኔን አልፎኝ ወጣ። ባለጌ ብዬዋለሁ።

ዝም ልበል? ብናገር፣ ማንበብ የማይችል ዕቃ ያዥ ብለው ያሰናብቱኛል። በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥረኛል? የኔንም ምዘና ገመቹ ነው የሚሞላው። ለኔ ማን ይመሰክርልኛል?

ዓርብ 12። ከጧቱ 3 ሰዓት።

ጫልቱን መጋዘን ጠርቼ ነገርኳት። ትስቅብኛለች ብዬ ፈራሁ። አልሳቀችም። ቀና ብላ አየችኝና፦ «ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ምን እያዩ ነበር ራስዎን የሚነቀንቁት?»

ይህንኑ ባለሱቁ ፊት ይድገሙት አለችኝ። ገመቹ ባለበት፣ አስቴር ባለችበት፣ ሁሉም ባለበት።

የባለሱቁ መኪና በሩ ላይ ቆመ። ይህን እየተቻኮልኩ ነው የምጽፈው። ቁቤ አላነብም እላለሁ። የጫልቱም የአራቱም ወረቀት ይውጣ፣ ጮክ ተብሎ ይነበብልኝ እላለሁ። እውነት ያልሆነው ላይ ያለው ፊርማዬ ይሰረዝ። ያሰናብቱኝ እንደሆነ

ስሜን እየጠሩ ነው። መነጽሬን እዚሁ ትቼው እሄዳለሁ።