ከጋቢህ ሥር የነበሩት ሁለት ቁልፎች

ለባሌ ለአስማረ፣ በሕይወት ሳለህ ጠይቄህ ላልመለስክልኝ፤

ከተለያየን አርባ ስምንት ቀን ሆነን። ናፍቀኸኛል ብዬ አልጀምርም። ተናድጄብሃለሁ፤ ንዴቴም እግዜር ይመስገን ደህና ነው፣ በየቀኑ ይፋፋል።

መቼም ይቺ የሱዳኗ ገዳሪፍ እንደ አንተ ያለ ባለ ምሥጢር አላየችም። ቪዲዮ ቤታችን ውስጥ ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ ጋር ልታገናኝ ስትል፣ ሰው በሸሚዝ በሚነድበት አገር ጋቢ ተከናንበህ ዕቃው ላይ ትደፋ ነበር። የሰሊጥ አጫጆቹ አግዳሚው ላይ ተደርድረው እንደ ቅዳሴ ጸጥ ይላሉ። ጋቢውን ስትገልጥ ፊልሙ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። አሳየኝ ብልህ፣ ሴት ካወቀችው ገበያው አወቀው አልከኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በር ላይ ቆሜ ሰው አስገባሁ፣ አግዳሚ ጠረግሁ፣ ያንኑ ጋቢ አጠብሁ። አንተ ግን ምሥጢሩን ይዘኸው ተቀበርክ፤ ያውም ፊልሙን ግማሽ ላይ አቁመህ።

በአርባህ ቀን ወንድምህ ጋሼ ደሴ ከዶካ ከተማ መጣ። ሌላው ሰው ለተዝካርህ ዱቄትና ስኳር ሲይዝ እሱ ገመድ ይዞ ነበር። ለእኔ አንጀቱ ተንሰፍስፎ፣ ዕቃው ሴት እጅ ላይ አቧራ እንዳይጠጣ ቴሌቪዥኑንም ላፕቶፑንም ጭኖልኝ ሊሄድ ነው። የምበላው ከዚህች ቪዲዮ ቤት ነው ብዬ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆምሁ። ተማከሩና ፈረዱ፦ ተዝካሩ ተበልቶ ሳያልቅ ፊልሙን ቴሌቪዥኑ ላይ ካወጣሁት ዕቃው ይቀርልኛል፤ ካልሆነ ወደ ዶካ ይጫናል። ደሴ ወዲያው ገመዱን መፍታት ጀመረ።

ኬብሉን በሁለቱም ጫፍ ሰካሁ። በየሰዓቱ የሚጠፋው ከህረባ እንኳ ያን ቀን አዝኖልኝ መብራቱን አልነሳኝም። ፊልሙ ካቆምክበት ተነሥቶ ላፕቶፑ ላይ ይሄዳል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ግን የአንድ አረንጓዴ ኮረብታ ሥዕል ብቻ ተገትሮ ቀረ። ለቀስተኛው ኮረብታውን በአክብሮት ተመለከተ። ጎረቤታችን እማማ ዘነቡ ዓይናቸውን ጠርገው፣ "እዚያ ነው እንዴ ያለው? ከዚህ ሐሩርስ ተገላገለ" አሉ። ሁለት ሴቶች አረፈልን ብለው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ደሴ፣ "ኸላስ፣ አለቀ። እቴ፣ አትድከሚ" አለና ገመዱን ቴሌቪዥኑ ላይ ጣለ።

በንዴት ላፕቶፑ ላይ አፈጠጥሁ። ቁልፎቹ ሁሉ ፊደላቸው እንዳለ ነው፤ ሁለቱ ብቻ፣ አንዱ ከታች በግራ፣ አንዱ ከላይ በቀኝ፣ ፊደላቸው ተፍቆ ልሙጥ ሆነዋል። አየህ፣ ጋቢው እጅህን ሸፈነልህ፣ ጣትህ ግን አጋለጠችህ። የግራውን ተጭኜ ይዤ የቀኙን ነካሁት። ቴሌቪዥኑ ጨለመ። ደሴ ሳቀ። ደግሜ ነካሁት። ኮረብታው የት እንደገባ እንጃ፣ ፊልሙ ቴሌቪዥኑን ሞላው።

አጫጆቹ ተዝካርህን ትተው ወደ አግዳሚው ተሻሙ፤ አርባ ቀን የቋመጡት ለእሱ ነበር። ደሴም ገመዱን ጭኑ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው አየ። ሲያልቅ አለቀሰ፤ ለአንተ ይሁን ለፊልሙ አልጠየቅሁትም።

ጋቢህ አሁን መስኮቱ ላይ ተሰቅሎ ፀሐይ ይከልላል፣ ሥራ አግኝቷል። ሁለቱን ቁልፎች ለእማማ ዘነቡም ለሠፈሩ ሴቶችም አሳይቻለሁ። ገበያው አወቀው፣ ቤቱም አልፈረሰም።

አልረሳህም፣ ቃሌ ነው። በየማታው ቁልፎቹን ስጫን ጣቴ የጣትህ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ ልቤ ሊላላ ሲል ጣቴን ቶሎ አነሣለሁ። ፊልሙ እንዴት እንዳለቀ ግን አልነግርህም። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄሃለሁ፤ አንተም እስክመጣ ጠብቅ።

ሚስትህ እናና