የወዲህ ማዶ ሕዝብ ብዛት፦ አንድ

ለተከበሩ የወረዳችን ዋና አስተዳዳሪ፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም ከቢሮ መስኮት አልፎ ማየት ተስኖታል እየተባለ የሚታማውን ዓይንዎን ፈጣሪ በምሕረቱ ይጎብኝልዎ። እኔ፣ ክብር ለእርስዎ ይሁንና፣ ደህና ነኝ። እኔ ደህና ነኝ ማለት ደግሞ፣ ቢሮዎ ባሳተመው መጽሔት መሠረት፣ ከወንዙ ወዲህ ያለው ሕዝብ በሙሉ ደህና ነው ማለት ስለሆነ በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባዎ።

«የወረዳችን መልክዓ ምድርና የሕዝብ ብዛት» የተሰኘው ባለ ቀለም መጽሔትዎ ደርሶኛል። ካርታው እጅግ ያምራል። ከወንዙ ወዲያ ያለው ለም ሜዳ በአረንጓዴ ተቀብቶ፣ ቤቱ ከቤቱ፣ ስሙ ከስሙ ተደጋግፎ ሲታይ ዓይን ይማርካል። ከወንዙ ወዲህ ያለው ኮረብታ፣ ሸለቆና ድንጋያማ ሜዳ ግን፣ ከወረዳው መሬት ከግማሽ በላይ መሆኑን እዚያው መጽሔት ላይ ጽፈውት ሳለ፣ ባዶ ነጭ ሆኖ ተትቷል። ቀለም ለመቆጠብ ከሆነ አርቆ አሳቢነትዎን አደንቃለሁ። በነጩ መካከል አንዲት ነጥብ አለች፤ እኔ ነኝ። ከግርጌዋ «የሕዝብ ብዛት፦ አንድ። የሴቶች ድርሻ፦ ከመቶ መቶ። ዋና መተዳደሪያ፦ ልብስ ስፌት» ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ በምንም ነገር ዋና ተብዬ ስለማላውቅ፣ ለተሰጠኝ ማዕረግ በቅድሚያ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ይህን ደብዳቤ ከእርስዎ ጋር አብሮ የሚያነበው ሰው እንዳይደናገር፣ አንድ እንዴት እንደሆንን ከሥሩ ማስረዳት ይኖርብኛል።

ታናሽ እህት አለችኝ። ወንዙን ተሻግራ ባለ ወፍጮ አግብታ ወዲያ ማዶ ትኖራለች። እኛ ዘንድ ቤት ከቤት የተራራቀ ነውና፣ ጨው ልበደር ብዬ ጎረቤቴ ዘንድ ደርሼ እስክመለስ ድስቴ ያርራል። እሷ ግን በሯ ላይ ቆማ ብታስነጥስ ከሦስት ቤት «ይማርሽ» ይባልላታል። እኔ ሳስነጥስ ራሴው «ይማረኝ» እላለሁ። እሷ ዘንድ መንገዱ ደጇ ድረስ ይመጣል፤ ውሃው ደጇ ድረስ ይመጣል፤ ሰው ሁሉ እህሉን ተሸክሞ ደጇ ድረስ ይመጣል። ልጅ ሳለንም እናታችን እሷን ስትጠራ ድምጿ ይለሰልስ ነበር፤ እኔን ስትጠራኝ ግን ባልዲ ይዛ ነው። ቀናሁ ወይ ቢሉኝ፣ አዎ ቀናሁ፤ ይህንንም በመጽሔትዎ «የተፈጥሮ ሀብት» በሚለው ርዕስ ሥር ሊያካትቱት ይችላሉ፤ ወዲህ ማዶ ከድንጋይ ቀጥሎ የተትረፈረፈው እሱ ነውና።

ታዲያ እህቴ ልጇን ልትድር ሆነ። የሙሽራዋን ቀሚስ እኔ እንደምሰፋው ለማንም ግልጽ ነበር። ለትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዩኒፎርሟን የሰፋሁላት እኔ ነኝ፤ ግራ ትከሻዋ ዝቅ ስለሚል ሁልጊዜ ከውስጥ ጥቂት ጨርቅ እደርብላታለሁ። የስፌት መኪናዬን ዘይት ቀብቼ፣ ነጭ ክር ገዝቼ ስጠብቅ ቀሚሱ ከከተማ ተገዝቶ መጣ። እህቴም «እትዬ፣ አንቺን ላለማድከም ብዬ እኮ ነው» ብላ ላከችብኝ። ደግነቷ ነው መቼም! እኔም በበኩሌ እሷን ላለማድከም ብዬ ሰርጉ ላይ ሳልገኝ ቀረሁ።

ሌላው ሕዝብ ግን ሄደ። ልጄ ሄደ፤ ነፍሰ ጡሯ ምራቴ ሄደች፤ ባለ ሱቁ ሱቁን ዘግቶ፣ አናጺው መጋዙን ሰቅሎ፣ ከቤቷ ወጥታ የማታውቀው ደንቆሮዋ አሮጊት እንኳ በቃሬዛ ሄደች። አመሻሽ ላይ ሊመለሱ ነበር፤ ነገር ግን በላይኛው አገር ዘንቦ ኖሮ ወንዙ ሞላና እዚያው አሳደራቸው። ሲነጋ የቆጠራው ቀን ነው። መመሪያዎም ሰው የሚቆጠረው ባደረበት ቤት ነው ይላል።

ቆጣሪዎ በጎረቤት ወረዳ በኩል ዞሮ በሞተር ብስክሌት መጣ። መልካም አስተዳደግ ያለው ወጣት ነው፤ ጫማውን በር ላይ አራግፎ ገባ።

«እናቴ፣ ሌላ ሰው የለም?» አለኝ።

«ሁሉም ሰርግ ሄዷል።»

«የማን ሰርግ?»

«የእህቴ ልጅ።»

«እርስዎስ ታዲያ?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው» አልኩት። መኪናዬን አየ። ክር አልነበረባትም። «አንድ» ብሎ ጻፈ። ሰዎቹ ነገ እንደሚመለሱ፣ አልጋቸው እንዳለ፣ ፍየሎቻቸው በረት ውስጥ እንደሚጮሁ ብነግረው፣ «እውነትዎን ነው፤ ግን መመሪያ ነው» ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። እህቴ ሰዎቼን የተበደረችኝ ለሁለት ቀን ነበር፤ እርስዎ ግን ከዚያ ወዲህ አልመለሱልኝም።

ከዚህ በታች ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ አዋላጅ ነርሳችንን ወደ ወዲያ ማዶ ስላዛወሩልን አመሰግናለሁ። ያዛወሩበት ምክንያት የሚነቀፍ አይደለም፤ በእኔ ዕድሜ ላለች አንዲት ሴት አዋላጅ መመደብ የመንግሥትን ሀብት ማባከን ነው።

ሁለተኛ፣ ሊሠራ ታቅዶ የነበረውን የእግረኛ ድልድይ ስለሰረዙልን አመሰግናለሁ። ይህን በተመለከተ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ የስታቲስቲክስ ኃላፊውን አነጋግሬ ነበር። እሱም ከወንበሩ ተነሥቶ አስቀመጠኝና፣ «እናቴ፣ መረጃው ጸድቋል እኮ» አለኝ። «ባለ ሱቁ በር ላይ ቆሞልሃል፤ ወዲህ ማዶ የሚኖር ሰው ነው፤ ጠይቀው» ስለው፣ ወጥቶ ባለ ሱቁን ሰላም አለውና ተመልሶ፣ «አዎ፣ አይቻቸዋለሁ፤ ግን በመረጃው ወዲያ ማዶ ናቸው» አለኝ። ይህን ያህል ለጽሑፍ የታመነ ሠራተኛ ስላሠለጠኑ ሊመሰገኑ ይገባል።

ሦስተኛውን በቁጥር ልጽፈው አልቻልኩም፤ እንደሆነው እተርከዋለሁ።

ምራቴን ምጥ የያዛት ክረምቱ ሲበረታ ነው። ጠዋት ልብስ ስታሰጣ ወገቧን ይዛ ተቀመጠች። አዋላጇ ከወንዙ ማዶ ናት፤ ወንዙም ድልድይ የለውም። አናጺው የገዛ ቤቱን በር ነቅሎ አመጣና አስተኛናት። በቁጥር የሌሉ ጎረምሶች ተሸከሟት፤ በቁጥር የሌሉ ሴቶች ጃንጥላ ዘረጉላት፤ እኔ፣ ብቸኛዋ ነዋሪ፣ ከኋላ እየተንደረደርኩ ተከተልኩ። ወንዙ ዳር ስንደርስ ውሃው ቡናማ ሆኖ ይንደረደራል። ጮኽን። ወዲያ ማዶ የወፍጮው ድምፅ ቆመ፤ ባለ ወፍጮው ገመድ ይዞ ሮጠ፤ እህቴም ተከትላው ወጣች። ገመዱ ተወርውሮ ከዛፍ ታሰረ። እህቴ፣ ውሃ የምትፈራዋ እህቴ፣ ገመዱን ይዛ እስከ ደረቷ ገብታ መካከል ላይ የምራቴን እጅ ተቀበለች። «አይዞሽ ልጄ፣ እኔን እይ፣ ውሃውን አትይ» ስትላት ሰማሁ።

እኔም ልገባ ስል ልጄ ክንዴን ያዘኝ። «እማዬ፣ አንቺን ደግሞ ማን ያውጣሽ? እዚሁ ቆይ» ብሎኝ ገባ። ተሻገሩ። ውሃው ጨመረና ገመዱን ወሰደው። እኔ ወዲህ ቀረሁ።

ክቡርነትዎ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የሰው ቤት ጣሪያ ሳይ ዋልኩ። የበኩር ልጄ የበኩር ልጅ ሲወለድ፣ ያቺ ገና ለገና ትመጣለች ብዬ የሽንት ጨርቅ፣ ኮፍያና መጠቅለያ የሰፋሁላት ፍጥረት ወደዚህ ዓለም ስትመጣ፣ እኔ ተመልካች እንኳ አልነበርኩም። ከሰዓት በኋላ እህቴ ወንዙ ዳር ወጥታ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ጮኸች፦ «እትዬ! ሴት ናት!»

«እናቲቱስ?»

«ደህና ናት!»

እግዚአብሔርን አመስግኜ ዝም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። «ማንን ትመስላለች?» ብዬ ጮኽኩ።

እሷም ያለ አንዳች ክፋት፣ በደስታ፣ «እኔን!» አለችኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። እኔ ግን ውሃ ፊት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እናታችንን ወሰደች፤ መንገዱን ወሰደች፤ አሁን ደግሞ ለልጅ ልጄ መልኳን እንኳ ቀድማኝ ሰጠች።

ወንዙ ሲጎድል ተሻገርኩ። ሕፃኗን አቀፍኳት፤ በእርግጥም እህቴን ትመስላለች፤ አገጯ ቁርጥ የእሷ ነው። አዋላጇ «ወዲያ ማዶ የተወለደች» ብላ መዝግባት ቆየችኝ። እህቴ የተሻለውን አልጋ ለቀቀችልኝ፤ እግሬን ልጠብሽ ብላ ታገለችኝ። ከእንግዲህ እዚሁ እንድኖር ክፍል አዘጋጅታ ነበር፤ አዲስ ፍራሽ፣ ለስፌት መኪናዬ የሚሆን ብርሃን ያለው ጥግ። ምንም የሚነቀፍ ነገር ባጣሁበት ጊዜ ነው ንዴቴ የባሰው።

አመሻሽ ላይ ግን እህቴ ወንበሯን አንሥታ ከጓሮ በር አጠገብ ተቀመጠች፤ ፊቷን ወደ ወንዙ መለሰች። ራት ቀርቦ እየቀዘቀዘ ነው።

«ምን ታያለሽ?» አልኳት።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው» ብላ ሳቀች። ባለ ወፍጮው ነው የመለሰልኝ፦ «ያንቺን ጭስ ነው የምታየው። ከጣሪያሽ ጭስ ሳይወጣ እህል አትቀምስም። የሰርጉ ዕለትም ሙሽራ እየተሸኘ እሷ እዚህ ቆማ ነበር፤ እሳት ሳታነጂ መሽቶ ስትጮኽብን አደረች።»

ያን ቀን እሳት ያላነደድኩት ተናድጄ ነው። ሰው ቆጣሪ ልከው አንድ ያሉኝ እርስዎ ብቻ መስለውኝ ነበር፤ ለካስ እህቴ በየምሽቱ አንድ ብላ ስትቆጥረኝ ኖራለች። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ቅናቴ የሚቀንስ መስሎኝ ነበር፤ ጭራሽ ባሰብኝ። ደግ በመሆንም ቀደመችኝ።

አልጋው ላይ አንድ ሳምንት ተኝቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። እህቴ እያለቀሰች «እትዬ፣ ምን አጎደልኩብሽ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት፤ እውነቴን ነበር።

ልጄና ምራቴ ግን አልተመለሱም፤ ሕፃን ይዘው አዋላጅ ወደሌለበት እንዴት ይመለሱ? ባለ ሱቁ ደንበኛው ሲሳሳ ሱቁን ነቅሎ ተሻገረ። አናጺው በሩን ይዞ ሄዶ እዚያው ገጠመው። ክቡርነትዎ፣ ያ ቁጥር ሲታተም ውሸት ነበር፤ እርስዎ ግን ታግሠው፣ አገልግሎቱን አንድ በአንድ እየነቀሉ፣ እውነት ሊያደርጉት ምንም አልቀረዎትም። አባቶች «ዳር ሲፈታ መሐል ዳር ይሆናል» ይላሉ፤ እኔ በጨርቅ አውቀዋለሁ፤ ጠርዙ የተተረተረ ልብስ ደረቱ ላይ እስኪደርስ ማንም አይደነግጥም።

ስለዚህ አዋላጇን ይመልሱልን፤ ድልድዩን ይሥሩልን፤ ሰውም ሰርግ በሌለበት ቀን ያስቆጥሩልን። ለእህቴ ከሰጡት ላይ ቀንሰው ይስጡኝ አላልኩም፤ እሷ ያላት ይኑራት። እኔም ይኑረኝ ነው ያልኩት።

ለሰፊው ትዕግሥትዎ፣ ለጠባቡ ካርታዎ፣ በነጩ ወረቀት ላይ ለሰጡኝ ሰፊ ግዛት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ የሥራ ዘመንዎ እንደ ወዲያ ማዶ የለመለመ፣ ወቃሽዎ እንደ ወዲህ ማዶ የሳሳ እንዲሆንልዎ እመኛለሁ።

አክባሪዎ፣
ልብስ ሰፊዋ፣ የባለ ወፍጮው ሚስት ታላቅ እህት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የወረዳውን የድንበር ምልክት ሊመርቁ በቅርቡ ወደ እኛ ዘንድ እንደሚመጡ ሰምቼ እጅግ ደስ ብሎኛል። ወንዙ ሞልቶ ከጠበቀዎት አይጨነቁ፤ ሰው በበር ላይ አስተኝቶ ማሻገር እንችልበታለን። በሩንና የሚሸከምዎን ሰው ግን ከወዲያ ማዶ ይዘው ይምጡ፤ እኔ ብቻዬን አልችልዎትም።