ሁለቱ የታችኛዎቹ ቡሎኖች

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ያ ብርድ ሲሆን የሚይዝህ ሳል ለቀቀህ ወይ? እኛ ደህና ነን። ደህና ስልህ የእማዬን ጉልበት ትቼ ነው፤ እሱ ደህና ሆኖ አያውቅም። ፊደሌን አይተህ እንዳትስቅ፤ ሰባተኛ ክፍልን ሳቋርጥ እዚያው ቆሞ ቀርቷል። በአፌ የማልችለውን ግን በወረቀት ትንሽ ትንሽ እችላለሁ።

የምነግርህ ስለ ጀልባው ነው። እባክህ እስከ መጨረሻው ሳታነብ እንዳታጥፈው።

አንተ ሞተሩን ባሰርክ ማግስት አባዬ ብቻውን ወጥቶ፣ ጀልባው ያለ ሞተርና ያለ እሱ ተጎትቶ ከመጣ ጀምሮ ግቢያችን ውስጥ በአፉ ተደፍቶ ነበር። ሁለት ዓመት ማንም አልነካውም። እማዬ ሞተሩ ተገንጥሎ የሄደበትን የኋላ ግድግዳውን ብቻ በሸራ ሸፍና በገመድ ጠፍራዋለች። ሐዘን ነው ብዬ ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ አልሙኒየሙ ሲቀዘቅዝ ቋ፣ ቋ ይላል። ልክ አባዬ ከባሕር ሲመለስ በሩን እንደሚያንኳኳው፤ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ አንዴ። ብረት ሲበርድ እንደሚኮማተር አውቃለሁ። እማዬም ታውቃለች። ግን በዚያ ሰዓት ሁለታችንም እጃችን ላይ ያለውን አቁመን ወደ በሩ እናያለን፤ ከዚያ እሷ ወደ ሽንኩርቷ፣ እኔ ወደ መጥረጊያዬ። ተነጋግረንበት አናውቅም።

ባለፈው ወር አጎታችን ይሄ ጀልባ ወይ ይጠገን ወይ ይጣል ብሎ አንድ በያጅ ይዞ መጣ። እማዬ ይጣል አለች። አጎታችን የወንድሜን ላብ አልጥልም አለ። በያጁ ወፍራምና ቀልደኛ ነው፤ ሲሠራ ከብረቱ ጋር ያወራል። መብራት ያዢልኝ ብሎ አስጠጋኝና ይቺ ልጅ አፍ የላትም እንዴ ብሎ ጠየቀ። አጎታችንም አላት፣ ለክፉ ቀን አስቀምጣው ነው አለው።

ሸራው ሲነሳ፣ ሞተሩን ከያዙት አራት ቡሎኖች ሁለቱ የላይኛዎቹ ተከትለውት ሄደዋል፤ ቀዳዳቸው እንደ ተቀደደ ኪስ ተንጠልጥሏል። ሁለቱ የታችኛዎቹ ግን የሞተሩን እግር ስባሪ ነክሰው እዚያው ናቸው። አጎታችን በመፍቻ ቁልፍ ሊፈታቸው ሞከረ፤ እምቢ አሉት። እግሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሲስብ ቁልፉ አመለጠና ጣቱን ላጠው። በያጁ እስቲ ዞር በል ጋሼ ብሎ እሱም ታገላቸው፤ መጨረሻ ላይ ቆርጦ አወጣቸው። የቡሎኖቹ ጥርስ እንደ አዲስ ያበራል። ዝገት አይደለም የያዛቸው፣ ይሄን ያሰረ ሰው እጁ አይታማም፣ ቡሎኑ አይደለም የለቀቀው ጀልባው ነው አለ።

በለቅሶው ቀን ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ልጁ ሳያጠብቀው ነው ወንድሜን ያሳጣኝ ያለው አጎታችን መሆኑን አንተም እኔም አንረሳም። ቁልፉን መሬት ላይ አስቀመጠና ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። የተላጠ ጣቱን አየ።

ከዚያ የኋላ ግድግዳው ላሜራ ተቆርጦ ወጣ። ውስጥ ያለው የኮምፔንሳቶ እንጨት እንደ ራሰ ዳቦ በጣት ይዛቃል። አልሙኒየሙ ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፤ ከውስጥ ግን ነጭ ዱቄት ሆኗል፤ ስነካው ጣቴ አልፎ ገባ። በመሃላቸው አረንጓዴ የለበሰ የመዳብ ቁራጭ ነበር። በያጁ ፊቱ ተለወጠ። መዳብና አልሙኒየም ጨው ውሃ ካገኛቸው መዳቡ ያንኛውን ቀስ እያለ ያስበላዋል፣ ማን ነው ይሄን ምስኪን ከጅብ ጋር ያስተኛው አለ።

እማዬ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ማንም ሳይጠይቃት ከኔ ሳፋ ነው፣ ሟቹ ነው ቆርጦ ያስገባው አለች።

ወንድም ጋሼ፣ ሟቹ አይደለም። አንተ ለትምህርት በሄድክበት ዓመት ቀዳዳዎቹ ሰፍተው ውሃ ሲያስገቡ፣ አባዬ ከእንጨቱና ከላሜራው መሃል የሚገባ ጠንካራ ነገር ፈልጊልኝ አለኝ። የተሸነቆረውን የመዳብ ሳፋ በቆርቆሮ መቀስ ቆረጥኩ፤ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈትጌ ሰጠሁት። አገላብጦ አየውና የዚች ልጅ እጅ ወርቅ ነው አለ። ማንም አልሰማም። እሱ ከሄደ በኋላ ሲከፋኝ እያወጣሁ የማያት ያቺን ቃል ነበር። አሁን ላወጣት እፈራለሁ።

ግቢው ውስጥ እኔ ነኝ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እማዬ አየችኝና መብራቱን ቀጥ አድርገሽ ያዢለት አለችኝ። ያዝኩለት።

ካየሁት ሁሉ የማይለቀኝ ግን ሌላ ነው። የመዳቡ ጫፍ፣ ዙሪያውን ካለው ነጭ ዱቄት ጋር፣ በተቀደደው በኩል ወደ ውጭ ወጥቶ ነበር። ሸራውን ለገለጠ ሁሉ ይታያል። ሸራውን ያሰረችው ደግሞ እማዬ ናት፤ ጀልባው በመጣ በዚያው ቀን፣ አንተ ገና ሳትሄድ። ከለቅሶው በኋላ ሻንጣህን ስትይዝ ጎረቤቶቹ አስቁሚው እንጂ ሲሏት፣ ወንድ ልጅ የትም ያድራል፣ መግቢያ የምታጣው ሴት ልጅ ናት ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ያኔ ስለ እኔ እንደምታወራ አልገባኝም ነበር።

ጀልባው ተጠግኗል። ቀለም የጠጣ አዲስ እንጨት ገብቶለት፣ አዲስ ላሜራ ተበይዶለት በሆዱ ቆሟል። አጎታችን የወንድምሽ ነው፣ ይምጣና ይውሰደው ብሏል። እሱ ይቅርታ ሲል እንደዚህ ነው፤ ታውቀዋለህ።

መዳቡ የኔ መሆኑን ለሱ አልነገርኩትም። ላንተ ነገርኩህ። ይሄን አንብበህ መምጣት ቢያስጠላህ አልቀየምህም። ከመጣህ ግን እኔን የፈለግኸውን በለኝ፤ እማዬን ስለ ሸራው እንዳትጠይቃት። ከትናንት ወዲያ ያንተን ብርድ ልብስ ከሣጥን አውጥታ ስታጥብ አገኘኋት። ለሁለት ሰው የሚከብደውን ብቻዋን ትጨምቀዋለች። ላግዝሽ ብላት ተይኝ፣ ይሄ የኔ ነው አለችኝ።

መንገድህን ያቅናልህ፣ ደረትህን ያሙቅልህ፣ በምታድርበት ሁሉ ሰው አያሳጣህ።

ታናሽ እህትህ