የዕድር ቤቱ የማታ ክፍል

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጠዋት፣ ሱቅ

ነጠላዎቹን አጣጥፌ ደርድሬያለሁ። ገዢ የለም። ሸማ ተራ በዓል እስኪቃረብ ድረስ ሲያዛጋ ይውላል። መጽሐፌን ከባንኮኒው ሥር አወጣሁ።

ሁለት ገጽ ሳልገፋ ጋሽ ወልዴ መጡ። የዕድራችን ሊቀ መንበር። ወረዳው ኤግዚቢሽን ሊያዘጋጅ ነው አሉ፤ የሰፈሩ ሰው፣ ት/ቤቱ፣ ባህሉ የሚታይበት። ከየዕድሩ አንድ ገጽ ጽሑፍ ይፈለጋል። ከእኛ ዕድር አንባቢ እርስዎ ነዎት፣ ይጻፉልን አሉኝ።

እሺ አልኩ። ደብተሬ፣ ላንተ አልደብቅም፤ ደስ አለኝ። ት/ቤት ደጃፍ ረግጬ የማላውቅ ሴት ነኝ። ፊደል የለየሁት በመጠቅለያ ጋዜጣ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ማታ 2 ሰ.

«ታታሪና እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ» ብዬ ጀመርኩ። ሰረዝኩት። የማንም ሰፈር እንደዚያ ይባላል።

እንዲህ ጻፍኩ። እዚህ ሁሉም ከሆነ አገር የመጣ ነው፤ ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ዶርዜው፣ መንዜው። በርበሬ በረንዳን ሲያልፍ የማያስነጥስ የለም፤ ቄሱም ሼሁም። ዕድራችን አንድ ነው፣ ድስቱ ብቻ ሁለት፤ የክርስቲያኑ እጀታ ላይ ቀይ ቀለም፣ የሙስሊሙ ላይ አረንጓዴ። ልቅሶው አይለይም። የት/ቤቶቻችን አጥር አይታይም፣ ሸቀጥ ተሰቅሎበታል። ልጆች ዩኒፎርማቸውን ለብሰው በተሸካሚዎች መሃል እየተሹለከለኩ ይገባሉ።

ለት/ቤቱ ክፍል ስል ዛሬ 12 ሰ. ላይ ዕድር ቤት ሄድኩ። አዳራሹ ውስጥ ማታ ማታ አዋቂዎች ፊደል ይማራሉ። ተሸካሚዎች፣ ሊስትሮዎች፣ የቤት ሠራተኞች። መምህሩ በነፃ ነው የሚያስተምረው።

ከኋላ ዘይነባ ተቀምጣለች። ጣቶቿ ቀይ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ በርበሬ በረንዳ ዛላ ስትቀነጥስ ነው የምትውለው። ስታየኝ ተነሣች።

«እትዬ! ታክሲው ታርጋ ላይ ‹አአ› አነበብኩ! አዲስ አበባን አነበብኳት!»

«ገና አፏን ነው ያነበብሽው፣» አላት አጠገቧ ያለው ተሸካሚ፣ «ሆዷ ይቀርሻል።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቤት ስደርስ ግን ሳቁ አብሮኝ አልገባም።

ዘይነባ በልጅነቷ እኔ ቤት እያገለገለች ነበር የኖረችው። ለእናቷ አስተምራታለሁ ብዬ ምዬ ነበር። አላስተማርኳትም። እሷ ት/ቤት ከሄደች ሱቁን ማን ይይዝልኛል፣ እኔስ መቼ አነባለሁ? ያነበብኩት ሁሉ በእሷ ሰዓት ነው። ሰው አያውቅም። እሷ ታውቃለች። ዛሬም «እትዬ» ትለኛለች።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው።

ጽሑፉን ይዤ ጋሽ ወልዴ ሱቅ ሄድኩ። በሚሸጧቸው የቅል ሽክናዎችና ገመዶች መሃል ቁጭ ብለው አነበቡ። ወደዱት። በተለይ የማታውን ክፍል። እንግዶች ያደንቁታል አሉ። ቀጥለው፣ እንደ ቀላል ነገር፣ አዳራሹ ሊከራይ መሆኑን ነገሩኝ። አቶ ግርማ የሚባል የልባሽ ጨርቅ ነጋዴ ለመጋዘን ይፈልገዋል። ለዕድሩ ገቢ ነው፣ ድንኳኑም አርጅቷል።

ተማሪዎቹስ አልኩ።

ሌላ ቦታ አያጡም አሉ። መርካቶ ውስጥ ባዶ ቦታ! ሰው የሚቆምበት እንኳ በኪራይ ነው።

«ታዲያ ይሄን ከጽሑፉ ላውጣው?»

«ኧረ ይቆይ እትዬ የሺ፣ ገጹ ያምርበታል።»

ወረቀቱን ከእጃቸው ወሰድኩ። ሳልሰናበት ወጣሁ። እንዲህ አድርጌ አላውቅም። ዝም የምትል ሴት ናት ይሉኛል፤ ዝም ስል የኖርኩት አሳብ አጥቼ መስሏቸዋል።

እሑድ፣ ኅዳር 14። ከሰዓት

የዕድሩ ጠቅላላ ጉባኤ። ነገ ጾም ስለሚገባ ክርስቲያኑ ለቅበላ ቸኩሏል። ሙስሊሞቹ ደግሞ፣ ቶሎ ወስኑና ሂዱ፣ ሥጋችሁ ይቀዘቅዛል እያሉ ያሾፋሉ። ሴቶች እንደ ልማዳችን ከበሩ አጠገብ።

ስም ተጠራ። የእኛ ዕድር አባልነቱን በባል ስም ይዞ ቀርቷል። «አቶ ሽፈራው!» ይላል ጸሐፊው፣ እኔ «አለሁ» እላለሁ። ከሞተ ጀምሮ እንዲህ ነው። የሚገርመው ሰው የለም።

ዛሬ አልመለስኩም። ደግሞ ጠራ። ዞረው አዩኝ።

ተነሣሁ። 

«ሽፈራው ሞቷል። የቀበራችሁት እናንተ ናችሁ። ድንኳኑን የተከልከው ጸሐፊው አንተ ራስህ ነህ።»

ሳቅ ሆነ። ጸሐፊው አንገቱን ደፋ። የሺ ብለህ ጥራኝ አልኩት፤ ጠራኝ፤ አለሁ አልኩ። ከዚያ በኋላ መቀመጥ ተረሳኝና ቆሜ ተናገርኩ። ይህ አዳራሽ ሲሠራ ድንጋዩን ያመላለሱት ተሸካሚዎች ናቸው፣ አሁን ማታ ገብተው ቢቀመጡበት ምን ይጎድለዋል? ፊደል መቁጠሪያ ቤት ዘግተን ጨርቅ ብናስተኛበት ለወረዳው ኤግዚቢሽን የምንጽፈው ባህል ይሄ ነው ወይ?

ጭብጨባ ከበሩ አካባቢ ተነሣ። ከመሃልም አንዳንድ። ጋሽ ወልዴ ፊታቸው ጠቆረ። ክርክሩ አላለቀም፤ ውሳኔው ለሚመጣው እሑድ ተላለፈ። ሁሉም ወደ ሥጋው ሮጠ።

ስወጣ አንዲት ጎረቤቴ እጄን ያዘችኝ። ምን ነካሽ አለችኝ። ምንም አልኳት። በእርጅና ምላሴ ተፈታ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ማታ 3 ሰ.

እሑድን አልጠበቁም።

11 ሰ. ላይ ዘይነባ እያለከለከች ሱቅ ደረሰች። አዳራሹ በታሰረ የልባሽ ጨርቅ ቦንዳ ተሞልቷል፣ የፊት በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፣ መምህሩና ተማሪዎቹ ውጭ ቆመዋል። አቶ ግርማ ቀብድ ከፍሏል ተባለ። ዘይነባ አላለቀሰችም። ግን እንዲህ አለችኝ፦

«ይሁን እትዬ። ለእኔ አልተጻፈልኝም ማለት ነው።»

ይሄ ቃሏ ነው ያስነሣኝ። አልተጻፈላትም! ማን ሳይጽፍላት ቀረና?

የፊቱን በር ቁልፍ ወንዶቹ ይያዙት። ከአዳራሹ ጀርባ ያለው የዕድሩ ድስት ቤት ቁልፍ ዘንድሮ እኔ ጋ ነው፤ ሴቶቹ በየተራ እንይዘዋለን። ከድስት ቤቱ ወደ አዳራሹ ወጥ የሚተላለፍበት በር አለ። ወንዶቹ በሩን ረስተውታል፤ በዚያ በኩል ተሸክመው ገብተው አያውቁማ።

ከፈትኩት። አንድ በአንድ በድስቶቹ መሃል ገባን። አግዳሚዎቹ ከቦንዳው ሥር ተቀብረዋል። ምን ይደረግ? ቦንዳው ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ተሸካሚዎቹ ከሁሉ በላይ ጣሪያው ሥር። መምህሩ ከታች ሆኖ «ለ» ብሎ ጀመረ። ከላይ «ለ» ተባለ። እንደዚያ ዓይነት «ለ» ሰምቼ አላውቅም፤ ቆርቆሮው ነጎደ።

ዘበኛው ጠርቷቸው ጋሽ ወልዴ ደረሱ። ቁልፉን ከፍተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ምንድን ነው ይሄ?!»

«ጋሼ፣ ጫማዎን አውልቀው ይግቡ፣» አላቸው አንዱ ከላይ፣ «የሰው ልብስ ላይ ነው ያለነው።»

ጋሽ ወልዴ ሳቃቸውን ሲውጡ አይቻለሁ። ግን ዋጡት። ወደ እኔ መጡ። ያልተወሰነ ነገር ነው አልኳቸው፤ እስከ እሑድ አዳራሹ የሁላችንም ነው፣ ቦንዳው ነው ያለ ፈቃድ የገባው።

ትምህርቱ እስከ መጨረሻው ተሰጠ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17። 11 ሰ. ተኩል

ጋሽ ወልዴ ረፋዱ ላይ ሱቅ መጡ። አልተቆጡም፤ ይሄ ይብሳል። ወንበር ስቤ ሰጠኋቸው። አቶ ግርማ «ቀብዴን መልሱ ወይም ሰዎቹን አስወጡ» ብሏል። ዛሬ ማታ የድስት ቤቱን በር ካልዘጋሁ ኮሚቴው ከዕድር ሊሰርዘኝ ነው አሉ።

«እትዬ የሺ፣ ልጅ የለዎት፣ ወንድም የለዎት። ነገ ቢሞቱ ማን ይቀብርዎታል?»

 ዋሽቼ አልፈራሁም አልልህም፣ ደብተሬ። ያለ ዕድር መሞት! ድንኳን የለ፣ የሚያለቅስ የለ፣ ንፍሮ የሚቀቅል የለ። ሽፈራው የታመመ ጊዜ እንኳ ከበሽታው ይልቅ መዋጮው እንዳያልፍ ነበር የሚጨነቀው።

 ከዚያ፣ ሜዳ ላይ የቀረ ሬሳ እስካሁን አላየሁም አልኳቸው። ቁልፉንም አልሰጥም። ከሰረዛችሁኝ የእኔን ስም ሰርዙ፤ የሽፈራውን ሰርዛችሁ እንዳታመልጡ።

ወንበሩን ገፋ አድርገው ተነሡ። ሲወጡ፣ «እሑድ ድምፄን የት እንደምሰጥ እንጃ» አሉ። ማስፈራራት ይሁን ሌላ አልገባኝም።

የኤግዚቢሽኑን ገጽ አላስረክብም። እሑድ ክፍሉ ከጸና ያኔ እሰጣለሁ። ካልጸናም «የማታ ክፍል ነበረን፣ በጨርቅ ዘጋነው» ብዬ እጽፍና እራሴ ወረዳ አደርሰዋለሁ።

ለዘይነባ ግን እስከ እሑድ አልጠብቅም። የመምህሩ ጠመኔ አልቆ ነበር፤ ዛሬ ገዛሁ። ሱቁን አሁን እዘጋለሁ። ከነገ ጀምሮም በዚሁ ሰዓት ይዘጋል። ከክፍሉ በፊት እሷና እኔ ብቻ፣ ድስት ቤቱ ደፍ ላይ፣ ስሟን ከመጻፍ እንጀምራለን። የወሰድኩትን ሰዓት በሙሉ መመለስ አልችልም፣ ይቅርታም ጠይቄያት አላውቅም፤ እንዴት እንደሚጀመር—

መጣች። በር ላይ ናት።

«እትዬ፣ ይፍጠኑ እንጂ! ሰዉ ቆሟል! ቁልፉን አይርሱ!»

ዛሬ አዛዧ እሷ ናት። መጣሁ እላታለሁ፣ ጠመኔውን ለእሷ ሰጥቼ ቁልፉን ይዤ እወጣለሁ።